"የስኬትዎ ምስጢር ምንድን ነው?" የሚለውን ጥያቄ ለምን ተውኩት

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። በሙያቸው ጫፍ የደረሱ ሰዎችን ማነጋገር የጀመርኩ ሰሞን መቅረጫዬን ከፍቼ በቀጥታ "የስኬትዎ ምስጢር ምንድን ነው?" ነበር የምለው። መልሱን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ጠንክሮ መሥራት። ተስፋ አለመቁረጥ። ሙያን መውደድ። ቤቴ ገብቼ ቅጂውን ወደ ጽሑፍ ስገለብጠው የቀዶ ሕክምና ሐኪሙና ፒያኖ ተጫዋቿ አንድ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። ዋሹ አላልኩም። ግን ይህን ሰምቶ ማን ፒያኖ ይለምዳል?

የደበቁኝ መስሎኝ ተቀይሜም ነበር። ለካ እነሱም አያውቁትም።

እስቲ ብስክሌት የምትነዱ ንገሩኝ፤ ፈጠን ብላችሁ እየሄዳችሁ ወደ ግራ ለመታጠፍ መሪውን መጀመሪያ ወዴት ታዞሩታላችሁ? "ወደ ግራ ነዋ!" ትላላችሁ። እጃችሁ ግን መጀመሪያ ለቅጽበት ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው፤ ሰውነታችሁ ወደ ግራ የሚያጋድለው በዚያ ምክንያት ነው። ስንት ዓመት ነድታችሁ አላያችሁትም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ በጣም የምወዳት ሙከራ አለች። አራት ጥንድ ስቶኪንግ ደርድረው "የቱ ይሻላል?" ብለው ሰው ጠየቁ። ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሰው የመረጠው በስተቀኝ ጫፍ ያለውን ነው። ለምን ሲባል ስለ ሥራው ጥራት አወራ። አራቱም ግን አንድ ዓይነት ነበሩ! የተቀመጠበት ቦታ ነው የሳበኝ ብሎ በራሱ ያነሳ አንድም ሰው አልተገኘም። እንግዲህ ስቶኪንግ የመረጥንበትን ምክንያት እንኳ የማናውቅ ሰዎች ሆነን ሳለ፣ እኔ ግን አንድን ሰው ዕድሜውን የፈጀበትን ሙያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ እለው ነበር።

ታዲያ ቃለ መጠይቅ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ጥያቄው ነው የሚበላሸው። ጋሪ ክላይን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የእሳት አደጋ አዛዦችን እንዴት ነው የምትወስኑት ብሎ ሲጠይቅ "እኛ አንወስንም" አሉት። የሚሠሩትን ዝም ብለው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ስለ ውሳኔ መጠየቁን ተወና አንድ የተወሰነ አደጋ እያነሳ ደቂቃ በደቂቃ ያስተርካቸው ጀመር። አንዱ አዛዥ የነገረው እንዲህ ነው። ቤቱ ፎቅ የለውም፣ እሳቱ ከኋላ ወጥ ቤት ያለ ይመስላል። ውሃ ቢረጩበት አልበርድ አለ። ወደ ሳሎን ሲመለሱ አንድ ነገር ቀፈፈው፣ "ውጡ!" ብሎ አዘዘ። ገና ከመውጣታቸው ቆመውበት የነበረው ወለል ተደረመሰ። እሳቱ ለካ ከእግራቸው ሥር፣ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ነበር። አዛዡ ራሱ ስድስተኛ ስሜት አለኝ ብሎ ነው ያመነው። ክላይን ግን ምን ሰማህ፣ ምን ተሰማህ እያለ ሲቆፍር ነገሩ ወጣ፤ ሳሎኑ ለወጥ ቤት እሳት ከሚገባው በላይ ይጋላል፣ ድምፁ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሙቀት ጭር ያለ ነው። ነገሩ ከለመደው ጋር አልገጥም አለው፣ እግሩ ከአፉ ቀድሞ አወቀ።

ሌላው የተማርኩት ባለሙያውን ብቻ አለመጠየቅ ነው። የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ከዋናተኛና ቴኒስ ተጫዋች እስከ ሒሳብ ሊቅ 120 ያህል ሰዎች ተጠንተዋል፤ ወላጆችና አስተማሪዎችም ተጠይቀዋል። የፒያኖ ተጫዋቾቹ የመጀመሪያ አስተማሪዎች ባብዛኛው ስመ ጥር አልነበሩም፣ ልጅ የሚወዱና ትምህርቱን ጨዋታ የሚያደርጉ እንጂ። ይህን ከባለሙያው አፍ ብቻ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ እሱ ኋላ የመጣውን ትልቁን መምህር ብቻ ሊያስታውስ ይችላል።

ያልተሳካላቸውን ማን ጠየቀ? እንደነዚህ ለፍተው ያልደረሱ አሉ፣ ማንም መቅረጫ ይዞ አይሄድባቸውም። ደግሞ እሺ ያላሉም አሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ (ስሙን ለመጥራት ሳምንት ተለማምጃለሁ) ለ275 የፈጠራ ሰዎች ጽፎ እሺ ብለው የተጠኑት 91 ናቸው። ከእምቢተኞቹ ብዙዎቹ ሥራ አለብን ነው ያሉት፤ እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ መልስ እዚያች እምቢታ ውስጥ አለ።

ፒያኖ ተጫዋቿ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ምስጢር አልጠየቅኳትም። "ትናንት ስትለማመጂ የት ላይ ቆምሽ?" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ፒያኖዋ ጋ ተቀመጠች፣ ሁለት ሰከንድ የማትሞላ ቦታ በግራ እጇ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ ተጫወተች። አራተኛ ጣቷ ላይ ስትደርስ ፊቷ ይጨማደዳል። "እዚህ ጋ" አለች፣ "ሦስት ሳምንት ሆነኝ።" እኔ ምንም ስህተት አልሰማሁም።