ጠጥቶ የሚነዳን ሰው የሚያስቆመው ምንድን ነው?

የተከበራችሁ የትራፊክ ፖሊስ አባላት፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ ዳኞች፣ የአሽከርካሪ ማሰልጠኛ መምህራን፣ የተሽከርካሪ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች፤

ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ሕይወት ባጠፋ ቁጥር «ቅጣቱ ለምን አይከብድም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ከሐዘን የሚወጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ልጁን ዜብራ ላይ ያጣ አባት «ዕድሜ ልክ ይታሰር» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሆኖም ፍትሕ የጠየቀው ሰውም ሆነ ሕግ የሚያወጣው ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ የከበደው ቅጣት በጋዜጣ ከታወጀ በኋላ ሌሊት አስፋልቱ ላይ ምን ይለወጣል? እኛ ያለንን መልስ ከፊት እናስቀምጥ። ቅጣት ብቻውን ሲከብድ በመንገድ ላይ የሚለወጠው ነገር ጥቂት ነው፤ ለውጡም ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው። ሰው እጁን ከመሪ የሚሰበስበው ዛሬ ማታ እንደሚያዝ ሲያምን ነው።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ስለ መጠጡ ራሱ እንነጋገር፤ ብዙው ስሕተት የሚጀምረው እዚያ ነውና። በአገራችን ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ አንዱን ጠርሙስ ሲጨርስ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን 0.27 ገደማ ይጨምራል። ሰውነቱ በሰዓት የሚያስወግደው ደግሞ 0.15 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ቢራ የጠጣ ሰው ጣሪያው ጫፍ ላይ ቆሟል። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት በዚያው ጊዜ ሦስት ከጠጣች ጣሪያውን አልፋ ወደ 1.0 ተጠግታለች። ጠጅና አረቄ ላይ ሲደረስ ስሌቱ ይከብዳል፤ የቤት ጠጅ ከቤት ቤት፣ ከጥንስስ ጥንስስ ይለያያል፤ አንድ ብርሌ ከአንድ ቢራ የበለጠ ሊይዝ ይችላል። «ሁለት ብርሌ ብቻ ነው የወሰድኩት» የሚለው ሰው አልዋሸም ይሆናል፤ የጠጣውን ግን አያውቀውም።

ሌላው ስሕተት የሰዓቱ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መጠጡን ሲያቆም 1.6 የደረሰ ሰው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሚኒባሱን ሲያስነሣ ገና 0.85 ነው፤ ማለትም ተኝቶ ተነሥቶም ከጣሪያው በላይ ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሻወር፣ ትኩስ ሾርባ ይህን ቁጥር አይነኩትም። ከመጠጣት በፊት የተበላ ምግብ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ደም ውስጥ የገባው ቶሎ እንዲወገድ ግን የሚያደርግ ነገር የለም። ለዚህ ነው የፋሲካና የዘመን መለወጫ ማግስት ጠዋት ከዋዜማው ሌሊት ባልተናነሰ ፍተሻ የሚያስፈልገው።

አደጋውም ከመጠኑ ጋር እኩል አያድግም። በአሜሪካ ሁለት ከተሞች አደጋ ያደረሱ አሽከርካሪዎች በዚያው ቦታና ሰዓት በሰላም ካለፉት ጋር ተነጻጽረው ሲጠኑ፣ 0.5 ላይ የአደጋ ዕድሉ ካልጠጣው ሰው 1.4 እጥፍ፣ 0.8 ላይ 2.7 እጥፍ፣ 1.0 ላይ ወደ 5 እጥፍ፣ 1.5 ላይ ደግሞ ወደ 22 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያው 0.5 ይሁን፣ ለወጣትና ለአዲስ አሽከርካሪ 0.2 ይሁን የሚለው ይህን አይቶ ነው። እኛም እንስማማለን።

አሁን ወደ ቅጣቱ። ከመጠጥ ቤት በር ላይ ቁልፉን በእጁ ይዞ የቆመን ሰው አስቡት። በአእምሮው የሚሠራው ስሌት የሕጉን አንቀጽ አይጠቅስም፤ «ከዚህ እስከ ቤቴ ማን ያስቆመኛል?» ነው የሚለው። በአሜሪካ የተሠሩ ግምቶች ጠጥቶ የሚነዳ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከ200 ጉዞ አንድ እስከ ከ2,000 ጉዞ አንድ ነው ይላሉ። ዕድሉ ከ1,000 አንድ ከሆነ ቅጣቱን ከስድስት ወር ወደ ሦስት ዓመት ብናሳድገው 999 ጊዜ በሰላም የገባ ሰው ምኑ ይለወጣል? ደግሞም ስሌቱን የሚሠራው አእምሮ ራሱ ሰክሯል። ሦስት ዓመት ሩቅ ነው፤ ከፊቱ የሚታየው የፖሊስ መብራት ግን ቅርብ ነው።

እንግሊዝ ይህን በግልጽ አሳይታናለች። በጥቅምት 1967 (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የትንፋሽ ምርመራን፣ ማለትም የአልኮሉን መጠን በመሣሪያ ከትንፋሽ መለካትን፣ በሕግ ስታስገባ ወሬው አገሩን አዳረሰ፤ ሰው ሁሉ በየመንገዱ የሚመረመር መሰለው። በመጀመሪያው ዓመት ከሞቱት አሽከርካሪዎች ውስጥ ከጣሪያው በላይ የጠጡት ድርሻ ከ25 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወረደ። ከዚያ ግን አሽከርካሪው ቀስ በቀስ እውነቱን አወቀ፤ ፖሊስ ያለ ምክንያት አያስቆምም፣ መሣሪያው የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። ሕጉና ቅጣቱ እዚያው ነበሩ፤ የጠፋው ፍርሃቱ ነው።

ስኮትላንድ በታኅሣሥ 2014 ጣሪያውን ከ0.8 ወደ 0.5 አወረደች። በኋላ በተደረገ ሰፊ ጥናት የአደጋ ቁጥር አልቀነሰም። አጥኚዎቹ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የፖሊስ ምርመራ ከሕጉ ጋር አብሮ አለመጨመሩ ነው። እኛ 0.5ን ስንደግፍ ይህን አንረሳም፤ የወረቀት ጣሪያ ዝናብ አያስጥልም።

በተቃራኒው የአውስትራሊያዋን ኒው ሳውዝ ዌልስ ተመልከቱ። በታኅሣሥ 1982 ፖሊስ ማንኛውንም አሽከርካሪ፣ ጠርጥሮት ባይሆንም፣ አስቁሞ እንዲመረምር ተፈቀደለት። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ምርመራ ተደረገ፤ ፈቃድ ካላቸው ሦስት አሽከርካሪዎች ወደ አንዱ ማለት ነው። ሞት ያስከተሉ አደጋዎች በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሱ፤ ውጤቱም እንደ እንግሊዙ አልተነነም፤ ምክንያቱም ምርመራው ዓመት ከዓመት አልቆመም። ሰው ራሱ ባይመረመር እንኳ ጎረቤቱ፣ ወንድሙ፣ የሥራ ባልደረባው ተመርምሮ ነበር። ኖርዌይና ስዊድን ደግሞ በሌላ በኩል ያስተምራሉ፤ ጠጥቶ የነዳን ሁሉ ግድ እስር ቤት የማስገባት ልማዳቸውን በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 ሲያላሉ በመንገድ ላይ የሚሞተው ሰው አልጨመረም።

ለእውነት ስንል የሚቃረነንንም እንናገር። በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ልኬታቸው ከጣሪያው ትንሽ በላይና ትንሽ በታች የሆኑ ሰዎች ሲነጻጸሩ፣ የተቀጡት ዳግመኛ ተይዘው የመገኘታቸው ዕድል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ቅጣት ለተያዘው ሰው ይሠራል፤ እኛም ቅጣት ይቅር አንልም። ጃፓንም በ2002 ጣሪያውን አውርዳ ቅጣቱን ጨመረች፤ በ2006 ፉኩኦካ ላይ ሦስት ሕፃናት በሰካራም አሽከርካሪ ከሞቱ በኋላ ደግሞ በ2007 ለመጠጡ አቅራቢ፣ ለመኪናው ሰጪና አብሮ ለተሳፈረው ሰው ሳይቀር ቅጣት ደነገገች። በመጠጥ ሳቢያ ሞት ያስከተሉ አደጋዎች በዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ከነበሩበት ወደ 300 ገደማ ወርደዋል። ነገር ግን ምን እንደተደረገ ልብ በሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ጠባቂ ሆነ። ቁልፉን የሚቀበል፣ «ዛሬ አትነዳም» የሚል ሰው በየቦታው ተፈጠረ። እኛ አገር ያለ ጠጪ ብቻውን አይጠጣም፤ ይህ ትምህርት ለእኛ ቅርብ ነው።

ቅጣት ከመጠን በላይ ሲከብድ የሚበላሸውንም እናውቃለን። የመጀመሪያው የጉቦ ድርድር ዋጋ ነው። ቅጣቱ 500 ብር ሲሆን አሽከርካሪው ሊሰጥ የሚያስበው 100 ብር ይሆናል፤ ቅጣቱ መንጃ ፈቃድና ዓመታት እስር ሲሆን የሚያቀርበው ገንዘብ የአንድ ወር ደመወዝ ይሆናል። ቅጣቱን ያከበድን መስሎን ፈተናውን የጫንነው በቀዝቃዛ ሌሊት መንገድ ዳር በቆመው ፖሊስ ላይ ነው። ሁለተኛው ገጭቶ ማምለጥ ነው። ሰክሮ እግረኛ የገጨ ሰው ቆሞ ቢያነሣ ብዙ ዓመት፣ አምልጦ ነገ ቢገኝ ግን አልኮሉ ከደሙ ጠፍቶ የቀለለ ክስ ከሆነ የሚጠብቀው፣ ሕጉ ራሱ «ሽሽ» ብሎታል። በመንገዱ ላይ ደም እየፈሰሰው የቀረው እግረኛ ነው፤ በከተማችን ደግሞ በመኪና አደጋ የሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው። ሦስተኛው የፍርድ ቤቱ ነው፤ ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘን፣ ማንንም ያልጎዳን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ለዓመታት ማሰር ሲከብደው ማስረጃውን በጠባቡ ይመለከታል፣ ክሱ ይሳሳል፣ ቀጠሮው ይራዘማል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሌሊት የሚወጣን አንድ የምርመራ ቡድን እንውሰድ። ቦታው መብራት ያለበት፣ ከርቀት የሚታይ፣ ግን ለማምለጥ መታጠፊያ የሌለው ይሁን። በአንድ ቦታ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይ፤ በስልክ ወሬው ስለሚዳረስ ተነሥቶ ሌላ መንገድ ላይ ይትከል። ማን እንደሚቆም ፖሊሱ አይምረጥ፤ «በየአምስተኛው መኪና» ይባልና ሚኒባስም ይሁን ውድ መኪና አምስተኛው ይቁም። ይህ ለፖሊሱም ጥበቃ ነው፤ «ለምን እኔን?» ለሚለው መልሱ ቁጥሩ ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንላለን፤ መሣሪያው የሚያወጣው ብቅሉን ራሱን ነው፣ በአግባቡ ከተያዘ። አሽከርካሪው የጠጣው አሁን ከሆነ አፉ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ያጋንናል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ጉንጭ ካለፈ 15 ደቂቃ ይጠበቅ፤ በዚያ ጊዜ አያጭስ፣ አይብላ፣ አይጉመጥመጥ። የአፍ ቱቦው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይሁን፤ ከማሸጊያው የሚወጣውም በአሽከርካሪው ፊት ይሁን። ትንፋሹ ሳይቋረጥ ለአምስት ሰከንድ ያህል ይውጣ፤ አጭር ትንፋሽ የሳንባውን ጥልቅ አየር ስለማያመጣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። መሣሪያው አምራቹ ባዘዘው ጊዜ፣ በተለምዶ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ፣ ልኬቱ ተስተካክሎ ማረጋገጫው ከመሣሪያው ጋር ይቀመጥ። ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከጠፋ የሌሊቱ ድካም ሁሉ ጠፋ።

ደም ምርመራ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ጠላታችን ነው። መንገድ ላይ 1.0 የነበረ ሰው ሆስፒታል ደርሶ ደሙ እስኪቀዳ ሁለት ሰዓት ከፈጀ 0.7 ሆኖ ነፃ ይወጣል። የቆመበት ሰዓት፣ የተነፈሰበት ሰዓት፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ ሦስቱም በደቂቃ ይመዝገቡ።

ሕጉ በቅድሚያ መጥራት አለበት። ጎረቤታችን ኬንያ በ2013 መጨረሻ የትንፋሽ መመርመሪያን ይዛ ወደ መንገድ ወጣች፤ በ2017 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ምርመራው የተመሠረተበትን መመሪያ ውድቅ አደረገው። መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ ማስቆም እንደሚችል፣ መተንፈስ እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው፣ የመሣሪያው ቁጥር በፍርድ ቤት ያለው ዋጋ ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። እምቢታ ከመጠጣት የቀለለ ቅጣት ካለው ሰካራም ሁሉ እምቢ ይላል።

ቅጣቱስ? ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ፣ ማንንም ላልጎዳ ሰው ቁልፉ እዚያው ይወሰድ፣ መኪናው በማይጠጣ ሰው ይነሣ፣ መንጃ ፈቃዱም ወራት ሙሉ ፍርድ ሳይጠበቅ በቀናት ውስጥ ይታገድ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ይህን የአስተዳደር እገዳ በ1976 ጀምራ ብዙ ግዛቶች ተከትለዋታል። ደጋግሞ ለሚያዘው ደግሞ የሌላዋ የአሜሪካ ግዛት የሳውዝ ዳኮታ ልምድ አለ። ከ2005 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰው ጠዋትና ማታ በቀን ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከጠጣ ወዲያው ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ይታሰራል፤ ከዚያ ወጥቶ ምርመራውን ይቀጥላል። ሥርዓቱ በተዘረጋባቸው ወረዳዎች ደጋግሞ ጠጥቶ በማሽከርከር የሚያዘው በ12 በመቶ ቀንሷል። ከአልኮል ነፃ የሆነ ትንፋሽ ካልተነፈሱበት ሞተሩን የማያስነሣው መሣሪያም ተገጥሞ ባለበት ጊዜ ሁሉ ድጋሚ ጥፋትን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሲነሣ ግን ልማዱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሱስ ያለበት ሰው ሕክምናው ከመሣሪያው ጎን መሄድ አለበት።

ባለንብረቶች፣ ሚኒባስ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ የረጅም መንገድ መኪና የምታሠሩ፤ ሕጉ እስኪወጣ መቆየት አያስፈልጋችሁም። ጠዋት ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት አሽከርካሪያችሁ ይተንፍስ። አስፈትሾ 0.3 የተገኘበትን ለዚያ ቀን አስቀሩት እንጂ አታባርሩት፤ ማባረር ከጀመራችሁ ነገ ሁሉም መደበቅ ይጀምራል።

የፖሊስ አዛዦችን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። በየሌሊቱ አራት ቁጥር ይመዝገብ፤ ስንት መኪና ቆመ፣ ስንት ሰው ተነፈሰ፣ ስንቱ ከጣሪያው በላይ ሆነ፣ ከተያዘበት ሰዓት መንጃ ፈቃዱ እስከታገደበት ድረስ ስንት ቀን ፈጀ። አራተኛው ቁጥር ስልሳ ከሆነ ቅጣቱን ስለማክበድ ከመነጋገራችን በፊት ወደ አምስት እናውርደው። መዝገቡን ከመጪው ቅዳሜ ሌሊት መጀመር ይቻላል።

እናመሰግናለን።