የአንገት ጥንካሬ ለትግልና ለጁዶ፤ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከአዳማ የደወሉ ወጣት አድማጭ፦ ጁዶ እሠራለሁ። አሠልጣኛችን ከክንድና ከእግር በፊት አንገት ይጠንክር ይላሉ። ለምን ይሆን?

መልስ፦ አሠልጣኝዎ እውነት አላቸው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህን የሚሸከሙት 7 የአንገት አከርካሪ አጥንቶች ሲሆኑ፣ ከድንገተኛ ንቅናቄ የሚጠብቋቸው ደግሞ በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። በጁዶ ወደ ኋላ ሲወድቁ አገጭዎን ወደ ደረትዎ አስጠግተው የቀበቶዎን ቋጠሮ እንዲያዩ የሚታዘዙት ጭንቅላትዎ ከምንጣፉ ጋር እንዳይጋጭ ነው፤ አንገቱ የደከመ ሰው ግን ዘዴውን ጠንቅቆ ቢያውቅም፣ በተለይ ልምምዱ ሊያበቃ ሲል ሰውነቱ ሲዝል፣ አገጩን እንደያዘ መቆየት ያቅተዋል። በትግልም ተጋጣሚ ማጅራት ይዞ ወደ ታች ሲጎትት፣ ራስ ወደ ሄደበት ትከሻና ወገብ መከተላቸው አይቀርም። ከወገብ በታች መያዝ በተከለከለበት በግሪኮ ሮማን ትግል ይህ ይበልጥ ይጎላል፤ በ1988፣ በ1992 እና በ1996 እ.ኤ.አ. የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘውን ሩሲያዊ አሌክሳንደር ካሬሊንን ላየ ሰው፣ ከምንጣፍ ተነሥተው ወደ ኋላ የሚወረወሩት ተጋጣሚዎቹ አንገት ምን ያህል ጫና እንደሚሸከም ግልጽ ነው።

ከባሕር ዳር የደወሉ እናት፦ ትግል የጀመረው የ13 ዓመት ልጄ ቤት ውስጥ በራሱና በእግሩ ተደግፎ ጀርባውን እንደ ድልድይ ያነሣል። አይጎዳውም ወይ?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ሁለቱም ትከሻዎች ምንጣፉ ላይ ከተያዙ ግጥሚያው ስለሚያበቃ፣ ታጋይ ይህን ልምምድ መልመዱ አይቀርም፤ ነገር ግን የሰውነት ክብደት በጎበጠ አንገት ላይ ስለሚያርፍ የጀማሪ ሥራ አይደለም። በጁዶማ፣ ከመውደቅ ለመዳን ሆን ብሎ በራስ መደገፍ ያስቀጣል። ልጅዎ መዳፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይግፋ፤ ራሱን ግን ሳያነቃንቅ ይመክት፤ በግማሽ ኃይሉ ለ10 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ በግራ፣ በቀኝና በማጅራቱ በኩል ይድገመው። ድልድዩን በኋላ፣ አሠልጣኝ ባለበት፣ መጀመሪያ እጆቹም ክብደቱን እየተጋሩ ይልመደው። ክንዱ ከደነዘዘ ወይም ውርር ካለው ልምምዱን አስቁመው ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ይህ የነርቭ ምልክት ሊሆን ስለሚችል እስኪያልፍ መጠበቅ አይገባም።

ከአዲስ አበባ የደወሉ አድማጭ፦ አንገቴ ከጠነከረ በጁዶ ግጥሚያ ስታነቅ እቋቋመዋለሁ?

መልስ፦ አይቋቋሙትም። በትክክል ሲታነቁ የሚጨመቁት በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት የደም ሥሮች በመሆናቸው፣ ጠንካራ ሰውም በ10 ሰከንድ አካባቢ ራሱን ሊስት ይችላል። ጠንካራ አንገት የሚጠቅምዎ ተጋጣሚዎ ክንዱን ከአገጭዎ ሥር እስኪያስገባ ድረስ ብቻ ነው፤ ከገባ በኋላ ሳይዘገዩ በእጅዎ መታ መታ አድርገው መሸነፍዎን ያስታውቁ።