ጥሩ ተከራይ ለምን ይወጣል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያዋ ደዋያችን ከአያት አካባቢ የደወሉ የቤት ባለቤት ናቸው። በግቢያቸው ያለውን ሰርቪስ ቤት ያከራያሉ። ዋጋቸው ከሰፈሩ እንደማይበልጥ ነግረውን፣ ሆኖም በ2 ዓመት ውስጥ ሦስት ተከራይ እንደወጣባቸው፣ ሦስቱም «ሥራ ቦታዬ ራቀኝ» ብለው እንደተሰናበቷቸው ገልጸው ምክንያቱን ጠይቀዋል።

እናቴ፣ ተከራይ ሲወጣ የሚናገረው ምክንያት ብዙ ጊዜ የመሰናበቻ ቃል እንጂ እውነተኛው ምክንያት አይደለም። በሰላም መለየት ይፈልጋል፤ ያስያዘው ገንዘብም እጅዎ ላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መልሱን ከሰዎቹ አፍ ሳይሆን ከግቢው አኗኗር መፈለግ ይሻላል። መስመር ላይ እያሉ ሁለት ነገር ጠይቄዎት ነበር። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶው ለዋናው ቤት ብቻ እንደተዘረጋና ተከራዮቹ በጀሪካን እንደሚቀዱ ነገሩኝ። የግቢው በርም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከውስጥ ይቆለፋል። ከተከራዮችዎ አንዷ በሆቴል የምትሠራ ነበረች ብለውኛል፤ እንግዲህ ይህች ልጅ ከሥራ በወጣች ቁጥር በር አንኳኩታ፣ እርስዎን ከእንቅልፍ ቀስቅሳና ይቅርታ ጠይቃ ነበር የምትገባው ማለት ነው። ኪራይ እየከፈሉ በየምሽቱ ይቅርታ መጠየቅ ሰውን ያሰለቻል። ከሮቶው አንድ መስመር ወደ ሰርቪስ ቤቱ ያስቀጥሉ፤ ለሚቀጥለው ተከራይዎም የበሩን ቁልፍ ቅጂ ይስጡ። ከዚህ በላይ ብዙ ወጪ አያስፈልግዎትም። ልብ ሊሉት የሚገባው ደግሞ ቀድሞ የሚወጣው ጥሩው ተከራይ መሆኑን ነው፤ በወቅቱ የሚከፍልና ቤት በንጽሕና የሚይዝ ሰው ሌላ አከራይ ስለማያጣ፣ መታገሥ የሚገደደው አማራጭ የሌለው ብቻ ነው።

ከጀሞ የደወሉት አከራይ ኮንዶሚኒየማቸውን በወር በ15,000 ብር አከራይተዋል። ተከራዩ ለ3 ዓመት አንድም ቀን ሳያዘገይ ከፍሏል፤ እርሳቸው ግን 2,000 ብር መጨመር ይፈልጋሉ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን ብቻ እንመልከተው። ተከራዩ ጭማሪውን ተቀብሎ ቢቀመጥ በዓመት 24,000 ብር ያገኛሉ። እምቢ ብሎ ቢወጣና ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢከርም ግን የ15,000 ብር ኪራይ ያጣሉ፤ አዲሱ ተከራይ በቀሩት 11 ወራት የሚያስገኝልዎት ጭማሪ 22,000 ብር ስለሆነ፣ በእጅዎ የሚቀረው 7,000 ብር ነው። ቀለም ቀቢውንና ደላላውን ገና አልቆጠርንም። ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ከቆየ ኪሳራ ውስጥ ገቡ ማለት ነው፤ ደግሞም የሚመጣው ሰው የአሁኑን ያህል ታማኝ ስለመሆኑ ዋስትና የሚሰጥዎት የለም። (ደላላው እንደሆነ ቤትዎ በተለቀቀ ቁጥር ኮሚሽን ስለሚያገኝ፣ «ገበያው ጨምሯል» የሚለውን ምክሩን በጥንቃቄ ይስሙት።)

ሕጉም አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጭማሪም ባለቤቱ በፈለገው ጊዜና መጠን ሳይሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መሠረት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው። ብዙ አከራዮች አዋጁን እጃቸውን እንደሚያስር ገመድ ያዩታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ተከራይን ዕቃውን አይሱዙ ላይ እንዲጭን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የጭማሪው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ በየትኛው ወር «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነውና ቤቱን ልቀቅ» እንደሚባል አለማወቁ ነው። የ2 ዓመት ውል ያለው ሰው ልጁን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ያስመዘግባል፣ መጋረጃ በልኩ ያሰፋል፤ እንዲህ የተከለ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይነቀልም።

ከገላን የደወለው ተከራይ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እየፈሰሰ አከራዩ «ራስህ አሠራ» እንዳሉት ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን ለኑሮ አመቺ አድርጎ የመጠበቅን ግዴታ በአከራዩ ላይ ይጥላል፤ ተከራዩ የሚጠየቀው ለጥቃቅን ጥገና ነው። ብልሽቱን ፎቶ አንስተህ በስልክ መልእክት ላክላቸው፤ አንተ እንድታሠራው ከተስማሙም ወጪው ከኪራይ እንደሚታሰብ በጽሑፍ ተቀበልና ደረሰኝ ያዝ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። ደዋይዋ ሰሚት ያለውን ቤታቸውን ወንድማቸው ይቆጣጠርላቸዋል፤ 4 ዓመት የኖሩ ቤተሰቦች ሊወጡ ነው። እህቴ፣ ሰዎቹ ለተበላሸ ነገር ሁሉ «እሷን ልጠይቃት» የሚል መልስ ሲሰሙ ኖረው እንደሆነ ወንድምዎን ይጠይቁ። ለወንድምዎ በውክልናው ላይ የማሳደስ ሥልጣን ይስጡት፣ ሳይጠይቅዎት ሊያወጣ የሚችለውን የገንዘብ መጠንም ይወስኑለት። ቤተሰቡን ግን ዛሬውኑ እርስዎ ራስዎ ይደውሉላቸው፤ ዕቃቸውን ገና አልጫኑም።