የጨረሱት የት ሄዱ?
(በድህረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፤ እንደምን ዋላችሁ። ከአዘዞም ከማራኪም በባጃጅ ተጨናንቃችሁ የመጣችሁትን፣ አዳራሹን የፈቀዱልንን፣ ቡናውን ያፈሉልንን እህቶቻችንን ሁሉ አመሰግናለሁ። ምስጋናውን በዚህ ላሳጥር።

ዘንድሮ የሠራነው አለ። የሐሙስ ማታ የጥናት ቡድኖቻችን አልተቋረጡም። ፕሮግራም መጻፍን ከፊደሉ ለጀመሩ የጤና ተማሪዎች ትምህርት ሰጥተናል። ያገለገሉ ሁለት ኮምፒውተሮች አግኝተናል፤ አንደኛው ይሠራል።

ለአዲሶቹ አባላት የአንዱን ማታ ነገር ልንገራችሁ። አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከደረት ራጅ በሽታ የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌዎች የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሠርቶ «98 በመቶ ትክክል ነው» ብሎ አቀረበ። ልናጨበጭብለት ስንል አንዲት የሕዝብ ጤና ተማሪ፣ አንድ መስመር ኮድ የማትጽፍ፣ «ከአንድ ሕመምተኛ ስንት ራጅ አለህ?» አለችው።

«ሦስትም አራትም።»

«ታዲያ የአንዱ ሰው ራጅ ከፊሉ ለማሠልጠኛ፣ ከፊሉ ለመፈተኛ አልገባም?»

ላፕቶፑን ከፍቶ አየና ዝም አለ። ሞዴሉ የለየው በሽታውን ሳይሆን ሰዎቹን ነበር። በሳምንቱ መረጃውን በሕመምተኛ ከፋፍሎ ሲመለስ ውጤቱ ወደ 81 ወርዷል። ፈታኞች ፊት ያቆመው ግን ያ 81 ነው። «ቡድን ኩረጃ ያስተምራል» ለሚሉ አማካሪዎች ሌላ መልስ የለኝም፤ አንድ መስመር አልጻፍንለትም፤ ጠየቅነው እንጂ።

ይህ ደግሞ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በዓታ ቤተ ክርስቲያን ያለ የአቋቋም (የዜማና የሽብሸባ ትምህርት) ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለውን ከጓደኞቹ ጋር ይቀጽላል፣ ማለትም እየደጋገመ ያጠናል፤ የገፋውም የኋለኛውን ያስቀጽላል።

የእኛ የገፉት ግን የት ናቸው? ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ኮዱ ሲበላሽበት ከሰዓቱ ቀድሞ በር ላይ የሚቆመው ሰው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ ባለፈ ማግሥት ስልክ አያነሳም።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንድ ሐሙስ ሁለት ሰዎች ብቻ ተገናኘን፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሌላዋ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ የአፈር እርጥበት የሚለካው መሣሪያዋ ቁጥሩ እየዘለለ አስቸግሯታል። እኔ የስታትስቲክስ ሰው ነኝ፤ ሽቦ አላውቅም። የሚያውቅ አባል ግን አለን። አምና ይህንኑ ችግር በዚያው ጠረጴዛ ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነው የፈታው፤ እርጥበቱን የሚለካው ሴንሰርና ቁጥሩን የሚያነበው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ኃይል የሚያገኙት ከተለያየ ምንጭ ሲሆን የምድር ሽቦአቸው አልተገናኘም ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት። ልጅቷ ራሷ እስክታገኘው ድረስ አሥራ አምስት ቀን ባከነባት። የሁለት ደቂቃ መልስ ነበር!

ወንድሜ፣ ዛሬም የለህም፤ ቃሌን የሚያደርስልህ ግን አይጠፋም። አልተቀየምኩህም። ተቀይሜ ነበር፤ ለቀቀኝ። ያን ሁሉ ማታ ሻይ እያፈላን አብረንህ ስናመሽ ግን ብድር መሆኑን ያላወቅኸው ምነው?

ከሻይ በኋላ ለውሳኔ የማቀርበው አንድ ሐሳብ ነው። የጨረሰ አባል ለአንድ ዓመት በወር አንድ ሐሙስ ይምጣ፤ አዲስ አበባ የሄደም በዚያች ሰዓት ስልኩን ያንሳ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ነው። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። እስክሪብቶውን በክር አስሬዋለሁ፤ ባለፈው ዓመት የት እንደገባ ታውቃላችሁ።