ክረምት ሳይገባ ቀዳዳውን መድፈን
በቀበና ወንዝ ዳር ለሚኖሩ የእድር አባላት የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

የእድራችን ዳኛ ይህን የአይጥ ጉዳይ ከመዋጮው አጀንዳ አስቀድሜ እንዳቀርብ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ፤ ከመዋጮው በኋላ ቢሆን ኖሮ ግማሾቻችሁ ትሄዱብኝ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአካባቢ ጤና ጥበቃ ሙያ ያገለገልሁ መሆኔን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምናገረው ግን በአብዛኛው ከሥራዬ ሳይሆን ከዚሁ ሰፈር ኑሮዬ የተማርሁትን ነው።

ቀበናም ሆነ ግንፍሌ ከእንጦጦ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። በበጋ ልጆች ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ውኃ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያንኑ ድንጋይ እያንከባለለ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ዓይናችን ጎርፉ ላይ ነው፤ ጎርፉ ከቤታቸው የሚያፈናቅላቸውን ግን ልብ አንላቸውም። በጋውን በወንዙ ዳርቻ አፈር፣ በድንጋይ ካቡ ስንጥቅና በፍሳሽ ቦዩ ጎን ጉድጓድ ቆፍሮ የከረመው አይጠ መጎጥ፣ ውኃው ጉድጓዱን ሲሞላበት ሽቅብ ይወጣል። ሽቅብ ያለነው ደግሞ እኛ ነን። ሰሞኑን በዙሪያችን አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱም ያው ነው፤ ቤቱ ይፈርሳል እንጂ አይጡ አይፈርስም፣ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሻገራል።

ስለዚህ አይጥ በሐምሌ ገባ ብለን ብናማርርም፣ በሩን የከፈትንለት በሚያዝያና በግንቦት እጃችንን አጣጥፈን በመቀመጣችን ነው። አይጥ የምታረግዘው ለሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ አይጠ መጎጥ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ልትወልድ ትችላለች። በሰኔ አንዲት እርጉዝ ያስገባ ቤት በእንቁጣጣሽ ስንት እንደሚሆንበት ሒሳቡን ለእናንተ እተዋለሁ።

አብዛኞቻችን የምንኖረው በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭድ በተቦካ ጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በምሰሶውና በምርጊቱ መካከልም ቀጭን ክፍተት ይተዋል። ከጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬቱን እየመታ የግድግዳውን እግር በየክረምቱ ይልጠዋል፤ አሸንዳው የተቀደደበት ቤት ከሆነማ ከመሠረቱ ከፍ ብሎ አንድ ክንድ ያህል ምርጊት ረግፎ ማገሩ አፍጥጦ ይታያል። ትንሿ የቤት አይጥ በእርሳስ ውፍረት ቀዳዳ፣ ማለትም በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ልትሾልክ ትችላለች። አይጠ መጎጡም አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካገኘ ይበቃዋል። እኔ ግንቦት በገባ ቁጥር የልጅ ልጄን እርሳስ አስይዤ ቤቱን በውጭ እዞራለሁ፤ እርሳሱ የገባበትን ሁሉ በጠመኔ ይከብብልኛል። አምና 14 ቀዳዳ አገኘ፤ ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ የውኃ ቧንቧና የመብራት ገመድ የሚገቡባቸው ነበሩ፤ ማለትም አይጡ ሳይሆን እኛው ራሳችን የቀደድናቸው።

ቀዳዳውን በጭቃ ብቻ መድፈን ግን ድካም ነው፤ አይጥ በአንድ ሌሊት መልሶ ይፍቀዋል። መጀመሪያ ድስት የምንፈገፍግበትን የብረት ሽቦ ጠቅጥቆ ማስገባት፣ ከዚያም በላዩ ላይ ሲሚንቶ መምታት ይሻላል። በመሠረቱ አካባቢ ለሚገኘው ሰፊ ቀዳዳ አባቶቻችን ስባሪ ጠርሙስ ከጭቃው ጋር ያቦኩ ነበር፤ ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው። ከበሩ ሥር ላለው ክፍተት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በምስማር መምታት ይበቃል። ወደ ምሽት ቤቱን አጨልማችሁ በሩን ከውስጥ ብትመለከቱ፣ ከሥር ብርሃን የሚያስገባ በር አይጥም እንደሚያስገባ ቁጠሩት።

ኮርኒሱን አትርሱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኛን ቤት የአቡጀዲ ኮርኒስ ለመቀየር ስናወርደው፣ አንዱ ማዕዘን ላይ እንደ ሞሰብ ክዳን የከበበ የአይጥ ጎጆ አገኘን። የተሠራው ከተቦጫጨቀ የልጆች ደብተር፣ ከጥጥና ከእድራችን የመዋጮ ደረሰኝ ነበር፤ ውስጡ ደግሞ የገብስ ቆሎ ተከምሮበታል። ኮርኒሱ ለዓመታት ሲንኳኳ «ንፋስ ነው» እያልን ተኝተንበታል። ቆሎውን ያነሣው ከኩሽናችን ነው፤ ክዳን ያለው የብረት ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ብናስቀምጠው ኖሮ ባልደረሰበት። በጆንያ የተቀመጠ እህል ለአይጥ የቀረበ ማዕድ ነው። ከነቀዝ አንጻር ጤፍ አያሳስብም፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይራባበትም። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ባቄላ ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት በደንብ ተሰጥተው፣ ተበጥረውና ደርቀው መከደን አለባቸው።

እዚህ ላይ ስለ መርዝ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታ አድርጉልኝ። ከመንገድ ዳር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስሙ ሳይጻፍበት የሚሸጠውን የአይጥ መርዝ እኔም አንድ ጊዜ ገዝቻለሁ። አይጡ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ሞተ፤ ሽታው ለሁለት ሳምንት ያህል አላስገባ አላስወጣ አለን፤ የጎረቤቴ ድመትም ከዚያው መዘዝ ሞተች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ድመቷ ደግሞ ከመርዙ የበለጠ ታገለግለን ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ለእህል ነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው ክኒን ነው። ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ የተሠራውም ታሽጎ ለሚቆይ የእህል መጋዘን እንጂ ሰው ለሚተኛበት ክፍል አይደለም። በአልጋ ሥር፣ በኮርኒስ ላይ ወይም ልጆች በሚያድሩበት ክፍል ግድግዳ ውስጥ ማስቀመጥ ቤተሰብን ማጥፋት ነው። ጋዙ በስንጥቅ አልፎ ወደ ጎረቤት ሊገባ እንደሚችልም ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች ማወቅ አለብን። ይህንን ክኒን ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ በግል ያነጋግረኝ፤ ማንም አያፍር።

የቀሩትን ባጭሩ ልለፍ። በረሮ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ውኃ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሳይጠገን፣ ያደረ ሳህን ሳይታጠብ የሚረጭ መድኃኒት ሁሉ ለሳምንት እፎይታ ብቻ ነው። የቁንጫ እጭ የሚያድገው በወለል ስንጥቅ ባለው አቧራ ውስጥ ነው፤ እርጥበት ስለሚስማማው በክረምት ይበረታል፤ ስለዚህ የአፈር ወለል ያለን አሁኑኑ እንለቅልቀው፣ ሊሾ ያለን ስንጥቁን እንድፈነው። ትኋንን ፀሐይ ብቻ አይገድለውም፤ ፍራሹን ስናሰጣው ወደ ጥላው በኩል ይሸሻልና። የአልጋውን መጋጠሚያ የፈላ ውኃ ማጠጣት ይሻላል። ላምባ መቀባቱ ይቅርብን፤ ሻማና ከሰል ባለበት ቤት እሳት መጥራት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የቀበሌ ቤት ነው፣ ምን አገባኝ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የእነዚህ ቤቶች ጥገና ባለቤት አጥቶ ኖሯል፤ ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል፣ አከራዩ በጀት የለኝም ይላል። ቅሬታው እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጥቅል የብረት ሽቦና ግማሽ ባልዲ ሲሚንቶ የማንንም ማኅተም አይጠይቅም።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈራችንን ጠርገን እናጥናለን፤ በ1911 ዓ.ም. ሕዝባችንን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ደግ ልማድ ነው፣ ፕላስቲክ ማቃጠሉ ቢቀርልን። ለአይጥ ግን ኅዳር ዘግይቷል፤ ክረምቱን በልቶና ወልዶ ጨርሷል። ግንቦት ልደታ ዕለት ደጅ ወጥተን ንፍሮ ስንቃመስ ሁላችንም ስለምንገናኝ፣ የጽዳት ዘመቻችንን ቀን በዚያ ሰሞን እንድናደርገው ሐሳብ አቀርባለሁ። ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆኑ፣ አንዱ ደፍኖ ሌላው ክፍት ቢተው አይጡ በር ቀየረ እንጂ አልወጣም።

ከተስማማችሁ ከልደታ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ቦዩን እንጠርጋለን። አካፋና ዶማ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። የምንጀምረው ከታች፣ ቦዩ ወንዙ ላይ ከሚፈስበት አፍ ነው፤ ከላይ ብንጀምር የጠረግነው ሁሉ ታች ባሉት ደጃፍ ላይ ይከማቻል። ደለሉንም እንደ ወትሮው ከቦዩ ዳር ቆልለን አንሄድም፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋልና በዚያው ዕለት የሚያነሣ ጋሪ ከወዲሁ እንዲፈለግ ኮሚቴውን እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።