ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች፦ አማቴና የወሊድ ክላስ

ሄኖክ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የወሊድ ክላስ ነው። ነፍሰ ጡሯና ባሏ አብረው ሄደው የሚማሩት። ይጠቅማል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

ሰብለ፦ አድማጮች ደጋግመው የጠየቁን ነው። ደግሞ ቃል ገብተሃል፣ ዛሬ ስለ አማትህ አናወራም።

ሄኖክ፦ አናወራም።

ሰብለ፦ እሺ፣ ክላሱ እንዴት ነበር?

ሄኖክ፦ ክላሱ እንግዲህ... አማቴ...

ሰብለ፦ (ሳቅ) ኧረ አሥር ሰከንድ እንኳ አልሞላህም!

ሄኖክ፦ ያለ እሳቸው አይነገርማ! ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጡ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር ወር፣ በረዶው እስከ ጉልበት። ቤት ብቻቸውን ትተናቸው እንዳንሄድ ቴሌቪዥኑም እንግሊዝኛ፣ ጎረቤቱም እንግሊዝኛ። ይዘናቸው ሄድን። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ፣ አራት ሳምንት ነው። ሌላው ሰው ትራስ ይዞ መጥቷል፣ እኛ ትራስና አማት።

ሰብለ፦ ወዴት ይዛችኋቸው እንደምትሄዱ ነግረሃቸዋል ግን?

ሄኖክ፦ መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። «ምጥ ነው የምትማሩት?» አሉ። አዎ። «በገንዘብ?» አዎ። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው በመስኮቱ ወደ በረዶው እያዩ፣ ለራሳቸው፣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች»።

ሰብለ፦ (ሳቅ) አይ እማማ!

ሄኖክ፦ ያንን ተረት ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ቃል በቃል ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰብለ፦ እሺ፣ ምን ተማራችሁ? እሱን ንገረን።

ሄኖክ፦ አስተማሪዋ አዋላጅ ነርስ ናት፣ ጎበዝ። ፊኛ ውስጥ የፒንግ ፖንግ ኳስ ከታ ነፋችው። ከዚያ አናቱን በሁለት እጇ ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። የፊኛው አንገት መጀመሪያ ረጅም ነበር። እያጠረ፣ እየሳሳ መጣና ኳሷ ከታች ብቅ አለች። «ማሕፀን የሚሠራው ይህንን ነው» አለች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እስከ 34 ዓመቴ ምጥ ማለት መግፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው አንገቱን በመክፈት እንደሆነ አላውቅም።

ሰብለ፦ እኔ ሁለት ወልጄ እንደዚህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። እስኪ ፊኛዋን ድገማት።

ሄኖክ፦ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ከዚያ የማሕፀን አንገት ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሚደርስበት 10 ሴንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ በክብ ፕላስቲክ አሳየችን። አማቴ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «የስኒ ማስቀመጫ ልታህል ምን ቀራት» አሉ። ሚስቴ ፊቷ ተለወጠ። እስካሁን ቤታችን ቡና ሲፈላ ስኒ ማስቀመጫ አታነሳም።

ሰብለ፦ (ሳቅ) ትክክል ናት!

ሄኖክ፦ ቀጥሎ አተነፋፈስ። ሂ፣ ሂ፣ ሁ። ክፍሉ ሙሉ አንድ ላይ። አማቴ ጠጋ ብለው «ምነው እንደ ውሻ አለከለኩ?» አስተማሪዋ «ምን አሉ?» አለችኝ። «እያደነቁ ነው» አልኳት።

ሰብለ፦ ውሸታም!

ሄኖክ፦ ቆይ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቤት ገብቼ ሳነብ፣ ይህን አተነፋፈስ ያስፋፋው ላማዝ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ በ1951 ሶቪየት ኅብረት ሄዶ አይቶ ነው ፓሪስ ያመጣው፣ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ክሊኒክ ውስጥ።

ሰብለ፦ ጓድ ሂ ሂ ሁ!

ሄኖክ፦ ሶቪየቶቹ ደግሞ ከየት አመጡት? ከፓቭሎቭ፣ በውሾች ላይ ይመራመር ከነበረው ሩሲያዊ ሳይንቲስት። የውሾቹ ሰውዬ!

ሰብለ፦ እንዴ! አማትህ ልክ ነበሩ ማለት ነው!

ሄኖክ፦ ስነግራቸው ምን አሉ መሰለሽ፣ «ታዲያ በደርግ ጊዜ ይኼን ለምን ደበቁን?»

ሰብለ፦ (ሳቅ) በቃ፣ ወደ ርዕሳችን...

ሄኖክ፦ በረዶውን ሳልነግርሽ?

ሰብለ፦ የቱን በረዶ? የመንገዱን?

ሄኖክ፦ በእጅ የሚያዘውን። ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ለሁሉም ሰው አንድ አንድ ቁራጭ በረዶ ታደለ። አንድ ደቂቃ ጨብጣችሁ ያዙ፣ ምጥ ሲመጣ የሚቆየው ያን ያህል ነው ተባለ። እኔ ወንዱ በሠላሳ ሰከንድ ወረወርኩት። ሚስቴ እየተነፈሰች ጨረሰች። አማቴን ዞር ብዬ ባያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ውኃው በክንዳቸው ወርዶ ነጠላቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም።» ደቂቃው አልቆ ሁሉም ጣለ፣ እሳቸው አልጣሉም። ቀልጦ እስኪያልቅ።

ሰብለ፦ ውይ... አንጀቴን በሉት።

ሄኖክ፦ አስተማሪዋ መጥታ «ምን እያሉ ነው?» አለች። አሁን አልዋሸሁም፣ ተረጎምኩ። «በቃ፣ ይኼው ነው! የሚያዝ አንድ ቃል። እኔ አራት ሳምንት የማስተምረው ይህንኑ ነው» አለች። አጠገባችን ደግሞ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ባልና ሚስት አሉ። ልጅቷ ቀስ ብላ «ማሪያ» አለች። አማቴ ሰሟት። ከዚያ በኋላ ያቺን ልጅ አለቀቋትም። አንድ ቋንቋ የላቸውም፣ በየማክሰኞው ወገቧን ያሹላታል።

ሰብለ፦ እንግዲህ እኔ የምለው ይህንኑ ነው! እሳቸው ክላሱን ያውቁታል። እኛም አገር ክላሱ አለ፣ ክላስ አንለውም እንጂ። እህቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በየወሩ ነፍሰ ጡሮቹን ሰብስባ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አዋላጇ ከጤና ጣቢያ መጥታ ታስተምራለች። ደም ከታየሽ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትና እጅሽ ካበጠ፣ ነገ አትበዪ፣ ዛሬውኑ ነይ። የእናቶች ማቆያም አለ። መንገድ የሚርቃቸው ወራቸው ሲገባ መጥተው ጤና ተቋሙ ግቢ ውስጥ ያርፋሉ። ጉራጌ ዞን አጣጥ ሆስፒታል በፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ አለው። አስቢው...

ሄኖክ፦ አስበው።

ሰብለ፦ አስበው! አሥር ነፍሰ ጡር አንድ ቤት፣ ከወለደች ጋር ገና ያልወለደች ገንፎ ስታገነፋ። ከዚህ የበለጠ ክላስ አለ?

ሄኖክ፦ ባሎቹስ?

ሰብለ፦ ምን ባሎቹስ?

ሄኖክ፦ የት ናቸው?

ሰብለ፦ ... እሱን ተወው። የእኔ ባል በር ላይ ነው የቀረው። አዲስ አበባ ነው የወለድኩት፣ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። አሥራ አራት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆመ። በኋላ ያልኩትን ታውቃለህ? «አንተ ምን ደከመህ?»

ሄኖክ፦ አየሽ! ክላሱ የሚጠቅመው ለባል ነው። እኔ ይህንን ነው የምለው። ሴቷ እናት አላት፣ እህት አላት፣ ጎረቤት አላት። ለወንዱ ማን ነገረው? ሕጉም እኮ፣ የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011፣ ለእናት ከመውለዷ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት 3 ቀን ነው።

ሰብለ፦ ለባል ብቻ ነው አትበል። ፊኛዋ ለእኔም ትጠቅመኝ ነበር።

ሄኖክ፦ በዋናነት ለባል።

ሰብለ፦ አልስማማም፣ ግን ቀጥል። ምጡ መጣ?

ሄኖክ፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። አምስት አንድ አንድ ተብለን ተምረናል። ምጡ በየ5 ደቂቃው ከመጣ፣ 1 ደቂቃ ከቆየ፣ ይኸው ለ1 ሰዓት ከዘለቀ፣ ተነሡ። በእርግጥ የሽርት ውኃ ከፈሰሰ ወይ ደም ካለ ሰዓት አትቁጠሩ፣ ወዲያው ደውሉ ብላናለች። እኔ ስልኬ ላይ እየመዘገብኩ ነው። ጀመረ፣ አቆመ፣ ጀመረ፣ አቆመ። አማቴ «ፊቷን እያት እንጂ ስልክህን ምን ታያለህ? ገና ናት፣ ትስቃለች» አሉ። እኔ ግን ሰዓቱ ሞልቷል አልኩ። ሄድን።

ሰብለ፦ እና?

ሄኖክ፦ 2 ሴንቲ ሜትር። ሂዱ ቤታችሁ ተባልን።

ሰብለ፦ (ረጅም ሳቅ)

ሄኖክ፦ አማቴ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይህ ነው የገደለኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳቋ ጠፋ፣ ግድግዳ ይዛ ቆመች፣ «አሁን» አሉ። ስንደርስ 6 ሴንቲ ሜትር ሆኗል።

ሰብለ፦ ታዲያ ክላሱ ምን ሠራ? የሠሩት እሳቸው ናቸው!

ሄኖክ፦ የቴኒስ ኳስ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ምጡ በመጣ ቁጥር ኳሱን ካልሲ ውስጥ ከትቼ ወገቧ ላይ፣ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ ካለው አጥንት ላይ ተጫንኩ። ትንሽ ላላ ሳደርግ «ተጫን!» ትላለች። በኋላ ማደንዘዣውን ወሰደች እንጂ እስከዚያ ያዳናት እሱ ነው፣ ራሷ ነው ያለችው። እጄን የት እንደማስገባ ሳላውቅ ቆሜ ብቀር... አላውቅም። አማቴ ደግሞ ልጄ ስትጮህ አልችልም ብለው ታች ሎቢ ወርደዋል።

ሰብለ፦ እሳቸው? በረዶ አቅልጠው የጨረሱት ሴትዮ?

ሄኖክ፦ እሳቸው። ስወርድ ያቺ ነጠላ ፊታቸው ላይ ናት። «ሴት ናት» ስላቸው እዚያው ሎቢ ውስጥ እልልታውን አቀለጡት። ጥበቃው ሮጦ መጣ።

ሰብለ፦ (ዝም ካለች በኋላ) እሺ፣ ግማሹን ተቀብዬሃለሁ። ግማሹን ብቻ።

ሄኖክ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ እንዘጋለን። የመጨረሻው ማክሰኞ ሰርተፊኬት ተሰጠ። «የወሊድ አጋር» የሚል፣ ስም የተጻፈበት። አማቴ የእሳቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፣ በፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቅለውታል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አሜሪካን አገር ተምሬ ነው» ይላሉ።

ሰብለ፦ ምጥ?!

ሄኖክ፦ ምጥ።

ሰብለ፦ የአንተስ ሰርተፊኬት የት ተሰቀለ?

ሄኖክ፦ አልተሰጠኝም።

ሰብለ፦ እንዴት?

ሄኖክ፦ ሦስተኛውን ማክሰኞ ቀርቻለሁ። ሥራ ነበረኝ።