አድማጩን ማን አባረረው?
(ለዓለም የራዲዮ ቀን የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የራዲዮ ሰዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጆቼም፤ እንኳን ለዓለም የራዲዮ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ በአድማጮች ስም ስለ ራዲዮ ትዝታ እንድናገር ጋብዘውኛል። ትዝታማ ሞልቷል። በትምህርት በራዲዮ ዘመን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ከሀገር መውጣታቸው በራዲዮ ሲነገር የት እንደነበርን እዚህ ያለን አዛውንቶች ሁላችንም እናስታውሳለን። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ ስለ እናንተ የሚወራውን እናንተ ላትሰሙት ትችላላችሁ።

በየስብሰባችሁ "አድማጭ ቀነሰ፣ ወጣቱን ቲክቶክና ዩቲዩብ ወሰደው" ትላላችሁ። አይደለም። አድማጭ የሸሸው በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ራዲዮ የአንድ ወገን አፍ ስለሆነበት ነው። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ሲታፈን የነበረውን አስታውሱ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን የዘር ጭፍጨፋ ሲቀሰቅስ ከነበረው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር እስከማመሳሰል ደርሰው ነበር። ታዲያ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ምን ያደርግ ነበር? ራዲዮኑን ይዞ ግቢ ይወጣል፣ አንቴናው ላይ ሽቦ ይቀጥላል፣ ያን ሁሉ ጩኸት ታግሶ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመያዝ ጆሮውን ይለጥፋል። የሀገሩ ጣቢያ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ኩልል ብሎ ይሰማል! ይህን ሰው ነው ቲክቶክ ወሰደው የምትሉኝ? ያኔ ቲክቶክ አልተፈጠረም።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የጣቢያውን ስም አልጠራም። አስተምርበት በነበረው ከተማ የውሃ ቧንቧ ተዘረጋ፤ ሪባን ተቆርጦ፣ በሬ ታርዶ ተመረቀ። ውሃው ትንሽ ጊዜ መጣና ቀጥ አለ። ሴቶቹ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ዳር ያለችው አሮጌ ቦኖ ጋ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይደረድራሉ። ተራ እንዳይዘረፍ በየጀሪካኑ እጀታ ላይ ጨርቅ ያስራሉ፤ ቀይ የእገሊት፣ አረንጓዴ የእገሊት እየተባለ። ሴት ተማሪዎቼ እናታቸውን ሲያግዙ አድረው ክፍል ውስጥ ያንቀላፉ ነበር። በዚህ መሀል አንድ ጋዜጠኛ መቅረጫውን ይዞ መጣ። ደስታችን! ሰልፉ ላይ የነበሩ አንድ ጎረቤቴ፣ የተከበሩ እናት፣ እንዲህ አሉት፦ "ቧንቧው ሲገባማ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው ብለን መርቀናል። ከዚያ ወዲህ ግን ጠብታ አላየንም። ልጆቻችን ከትምህርት ቀሩ።" እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

የሚተላለፍበት ቀን ሱቅ ደጃፍ ተሰበሰብን። መጀመሪያ ኃላፊው ስለ ሽፋን በመቶኛ ሲተነትኑ ቆዩ። ቀጥሎ አንባቢው "ነዋሪዎችም ምስጋናቸውን ገልጸዋል" አለ። የእኚያ እናት ድምፅ መጣ፦ "እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው።" ቁርጥ። ሙዚቃ ገባ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቦኖው ጋ "ምን ከፍለውሽ ነው?" እየተባሉ ሰነበቱ። በገዛ ድምፃቸው ዋሾ ተደረጉ! ባለሱቁ ምንም አልተናገረም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ራዲዮኑን ወደ ጀርመን ድምፅ አዞረው። ከዚያ ወዲያ ወደ ቦታው ሲመልሰው አላየሁም።

አድማጭ የሚሄደው እንዲህ ነው። ሰልፍ አይወጣም፣ ደብዳቤ አይጽፍላችሁም። ያዞረዋል፣ በቃ።

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የቢቢሲው ዋና ዳይሬክተር ቲም ዴቪ ሥራቸውን ለቀዋል። የዜና ክፍሉ ኃላፊም አብረው። ከምክንያቶቹ ዋናው አንድ ፕሮግራም የፕሬዚዳንት ትራምፕን ንግግር ቆርጦ የቀጠለበት መንገድ ነበር። ለኃያል ሰው ንግግር ነው አትበሉኝ። የቦኖዋ እናት ንግግርስ ንግግር አይደለም? ይቅርታ የጠየቃቸው ማን ነው? እስከዛሬ ማንም!

ሕጉ የለም እንዳትሉ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ ይመራል ይላል። አንድ ጊዜ ቀምሰነዋል እኮ። በ1997 ምርጫ የፓርቲዎቹ ክርክር በቀጥታ ሲተላለፍ ሰው በየቡና ቤቱ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም እዚያው ጎን ለጎን። ያኔ "አድማጭ ጠፋ" ያለ አልነበረም። በ2007 ግን የፓርላማው 547 መቀመጫ በሙሉ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ ተያዘ። የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው በፓርላማ የለ፣ በራዲዮ የለ፤ የት ይሂድ? ወደ ቴሌግራም ሄደ፤ እዚያ ደግሞ እውነቱም ውሸቱም አብሮ ይጋገራል።

የውጭዎቹም ዋስትና አይሆኑንም። መጋቢት 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞችን ከሥራ ሲያግድ፣ የአማርኛውን ሥርጭት ማታ ማታ ይጠብቅ የነበረ ሰው ባዶ ቀረ። የሀገራችንን ወሬ ለማወቅ የሰው ሀገር ባጀት መጠበቅ አለብን?

ሌላ ብዙ አለኝ፤ ስለ ማስታወቂያው ብዛት፣ ኤፍ ኤም ስለማይደርስበት ገጠር። ጊዜዬ አልቋልና ልተወው። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ሰው ያልፈለገውን እንዳለ አድርጋችሁ ስታቀርቡ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዜና ላይ እርማት አንብቡ። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ኃላፊ ስቱዲዮ አስቀምጡና የስልክ መስመሩን በቀጥታ ክፈቱልን፤ ጥያቄያችንን አስቀድማችሁ አትምረጡ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሩት።

አመሰግናለሁ።